በጥቂት ገንዘብ የመካኒክ መሣሪያ ስለ ማሰናዳት

የእጅ ሥራ ያለ መሣሪያ አይሠራም፤ መሣሪያም ያለ ዕውቀት የተገዛ እንደ ሆነ ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ገበሬ መቆፈሪያውን ሳያሰናዳ ወደ ቡናውና ወደ እንሰቱ አይወርድም፤ ሸማኔም መወርወሪያውን ሳያበጅ ድሩን አይዘረጋም። እንደዚሁም ሞተር ለመጠገን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ መሣሪያውን በልክ ማሰናዳት ይገባዋል። ከትምህርት ቤት ወጥተው ይህን ሥራ ለመያዝ የሚያስቡ ልጆች ምክር የሚሹት ከመምህሮቻቸውና ከአገር ሽማግሎች ዘንድ ነው። ስለዚህ በዲላ ከተማና በጌዴኦ ዞን ወረዳዎች የሚገኙ መካሪዎች የመካኒክ መሣሪያ በጥቂት ገንዘብ በምን ሥርዓት እንደሚሰናዳ ቢያውቁ ለብዙ ቤት ይጠቅማሉ።

የነገሩ አስፈላጊነት

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሐዋሳ አልፎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው ታላቅ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወናጎና ይርጋ ጨፌም በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛሉ። አገሩ ተዳፋት ነው፤ ሕዝቡም ብዙ ሲሆን የአንዱ ቤተ ሰብ መሬት ጥቂት ነው። አባቶች እንሰትን፣ ቡናንና የጥላ ዛፍን በአንድ ላይ አኑረው የጠበቁት ይህ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ነገር ግን መሬት በልጆች ቁጥር በተከፈለ ጊዜ እያነሰ ስለሚሄድ ለሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ከእርሻ ሌላ የእጅ ሙያ መያዝ ግድ ሆኖባቸዋል።

ሙያውም ሥራ የሚያጣ አይደለም። በተዳፋቱ መንገድ ቡና የሚጭኑ አይሱዙዎች፣ ሰው የሚያመላልሱ ቶዮታዎች፣ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ይመላለሳሉ። ቁልቁለቱ ፍሬናቸውን ይበላል፤ ዳገቱ ፍሪሲዮናቸውን ያደክማል፤ ዝናቡና ጭቃው ብሎናቸውን ያዝጋል። የእህል ወፍጮም፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መፈልፈያና የውኃ መሳቢያ ሞተርም ጠጋኝ ይፈልጋሉ።

የቡና መልቀሚያ ወራት በደረሰ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የታጠበ ቡና የሚሠራበት ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ግን ያለ መጠን ስለሚብላላ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወድቃል። እንግዲህ መፈልፈያው በቆመበት ሰዓት የተጠራው ጠጋኝ ልክ ያልሆነ ቁልፍ ይዞ መጥቶ የብሎኑን ማዕዘን ልጦ ቢያከብበው፣ ጥፋቱ የአንድ ብሎን አይደለም፤ የብዙ ገበሬዎች የቀን ልፋት ነው። መሣሪያ መምረጥ እንደ ቀላል ነገር የማይታየው ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ መዝገብ፣ ከዚያ በኋላ ገበያ

ብዙ ወጣቶች ገንዘብ ከቡና ሽያጭ፣ ከእቁብ ወይም ከብድር ባገኙ ጊዜ ወደ ሱቅ ሮጠው 100 ወይም 150 ፍሬ መሣሪያ የያዘ የሚያብረቀርቅ ሣጥን ይገዛሉ። ቁጥሩ ብዙ ስለ ሆነ ትርፍ ያገኙ ይመስላቸዋል። ሣጥኑ ተከፍቶ የተቈጠረ እንደ ሆነ ግን ከፍሬዎቹ ብዙዎቹ የካቻቢቴ ጫፎችና በዚህ አገር በማይገኝ ልክ የተሠሩ ትናንሽ ብረቶች ናቸው። በየቀኑ የሚፈለገው ቁልፍ ከለሰለሰ ብረት ስለ ተሠራ በጥቂት ወራት ውስጥ አፉ ይከፈታል። በብድር የተገዛ መሣሪያ ዕዳው ሳያልቅ ካለቀ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ተረት ይፈጸምበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ደብተርና እርሳስ ነው። ጋራዥ ሊከፍት ያሰበ ሰው 30 ቀን በሌላ ጠጋኝ ዘንድ እየዋለ፣ በየቀኑ የመጣውን ሥራ ይጻፍ። በመዝገቡም አራት ነገር ይኑር፤ የመጣው መኪና ዓይነት፣ የተሠራው ሥራ፣ የተነሣው ቁልፍ ቁጥር፣ የጠፋው ወይም ከሌላ የተለመነው መሣሪያ። ወሩ ሲያልቅ መዝገቡን ቢቈጥር፣ የትኛው መሣሪያ በየቀኑ፣ የትኛው በሳምንት፣ የትኛው በወር አንድ ጊዜ እንደ ተነሣ ይገለጥለታል። በየቀኑ የሚነሣው ይገዛ፤ በሳምንት የሚነሣው ገንዘብ ሲገኝ ይከተል፤ በወር አንድ ጊዜ የሚነሣው ከጎረቤት ይለመን ወይም በኪራይ ይምጣ። የሣጥኑ ልክ የሚወሰነው በሥራው እንጂ በሱቁ መደርደሪያ አይደለም።

ስለ ቁልፍ ቁጥር

የቁልፍ ቁጥር የሚያመለክተው የብሎኑን ወይም የዳዶውን ራስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው እንጂ የብሎኑን ግንድ ውፍረት አይደለም። ግንዱ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ብዙ ጊዜ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። ግንዱ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን በጃፓን ልማድ የተሠራው መኪና 12 ቁጥር፣ በአውሮፓ ልማድ የተሠራው 13 ቁጥር ራስ ይሰጠዋል። ግንዱ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጃፓኑ 14፣ የአውሮፓው 16 ወይም 17 ነው። ግንዱ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጃፓኑ 17፣ የአውሮፓው 18 ወይም 19 ይሆናል።

እንግዲህ በአይሱዙና በቶዮታ ላይ የሚውል ሰው 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥርን ከያዘ አብዛኛውን የዕለት ሥራ ይሠራል። ለባጃጅና ለሞተር ብስክሌት 8 እና 13 ቁጥርን ቢጨምር ሰባት ቁልፍ ይሆናል። ሰባት ጠንካራ ቁልፍ ከሠላሳ ደካማ ቁልፍ ይበልጣል።

በኢንች የተለካ አሮጌ መኪና በመጣ ጊዜ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። 3/4 ኢንች 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን 19 ቁጥር ቁልፍ ይስማማዋል። 1/2 ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ በ13 ቁጥር ቁልፍ የተያዘ እንደ ሆነ ክፍተት ይተዋል፤ በኃይል ሲጠመዘዝም ማዕዘኑ ይላጣል። 9/16 ኢንች 14.29 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 14 ቁጥር አይገባበትም፤ 15 ቁጥርም ሰፍቶ ይሾልካል። ስለዚህ የኢንች ቁልፍ የሚገዛው መዝገቡ የኢንች ሥራ መኖሩን ያሳየ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

አምስቱ የአምሳውን ሥራ ስለ መሥራታቸው

በጥቂት ብረት ብዙ ሥራ ስለ መሥራት በዓለም የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጆሴፍ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረባው ከዊልያም ሳይደማን ጋራ በሚልዋኪ ከተማ ስናፕ-ኦን የተባለውን የመሣሪያ ድርጅት አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የብሎኑን ራስ እንደ ቆብ የሚሸፍነው ቁልፍ በብዛት ከነእጀታው አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራ ስለ ነበር ለእያንዳንዱ ቁጥርና ለእያንዳንዱ የእጀታ ዓይነት ሌላ ቁልፍ መግዛት ያስፈልግ ነበር። ጆንሰን ግን ቆቡን ከእጀታው ለይቶ፣ 10 ቆቦችና 5 እጀታዎች እየተለዋወጡ እንዲገጥሙ አደረገ። አምስቱ እጀታዎች ከአሥሩ ቆቦች ጋራ ሲባዙ 50 ዓይነት ቁልፍ ይሆናሉ፤ የተገዛው ብረት ግን 15 ፍሬ ብቻ ነው። ድርጅቱም አምስቱ የአምሳውን ሥራ ይሠራሉ እያለ ሸጠበት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜ የሚጠየቀው «ስንት ፍሬ ነው?» ተብሎ ሳይሆን «ስንት ሥራ ይሠራል?» ተብሎ ነው። አንድ እየተመላለሰ የሚያዞር ጠንካራ እጀታ፣ አንድ ረጅም የማላቀቂያ እጀታ፣ አንድ ማራዘሚያና ሰባት ቆቦች ቢኖሩ ለጀማሪ ይበቃሉ። ቆቡም ሲመረጥ ውስጡ ባለ 12 ማዕዘን ከሚሆን ባለ 6 ማዕዘን ቢሆን ይሻላል፤ የብሎኑን ራስ በጎኑ አቅፎ ስለሚይዝ የዛገውን ብሎን ቶሎ አይልጥምና።

አስቀድመው የሚገዙት

ለመጀመሪያው ጊዜ የሚገዙት የእጅ መሣሪያዎች እነዚህ ናቸው። አንድ ወገናቸው ክፍት፣ ሌላው ወገናቸው ቀለበት የሆኑ ከላይ የተቈጠሩት ሰባት ቁልፎች፤ ከላይ የተነገሩት ቆቦች ከነእጀታቸው፤ ሁለት ጠፍጣፋና ሁለት መስቀለኛ ካቻቢቴ፤ አንድ ተራና አንድ አፈ ረጅም ፒንሳ፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ፤ ራሳቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ለሆኑ ብሎኖች የሚሆኑ ቁልፎች፤ የካንዴላ መፍቻ፤ የብረት መጋዝ፤ ሞረድ፤ የሽቦ ብሩሽ።

ከነዚህም ጋራ ሁለት መለኪያ ያስፈልጋል። አንደኛው ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች ናቸው፤ የካንዴላና የቫልቭ ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ በዓይን ግምት አይሠራም። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ መሞከሪያ ነው፤ ባትሪው ደክሞ እንደ ሆነ ወይም ሽቦው ተበጥሶ እንደ ሆነ በመለኪያ ያላወቀ ሰው ደኅናውን ዕቃ ያስለውጣል፤ የባለ መኪናውንም ገንዘብ ያጠፋል።

በሁለተኛው ደረጃ በጠንካራ ጣውላ ላይ የታሰረ ሞርሳ፣ ክሪክ ከሁለት የብረት መደገፊያ ጋራ፣ መስቀለኛ የጎማ መፍቻ፣ ጎማ መፈልቀቂያና መንፊያ ይገዛሉ። ኩሽኔታ ማውጫ፣ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያና የብየዳ መኪና ግን ለሦስተኛው ደረጃ ይቈዩ። እነዚህ ውድ ናቸው፤ የሚነሡትም አልፎ አልፎ ነው። ሦስት ወይም አራት ጋራዦች ተስማምተው በእቁብ ሥርዓት አንድ አንዱን ገዝተው ቢዋዋሱ ሁሉም ይጠቀማሉ። ይሁን እንጂ ማን እንደ ወሰደው፣ መቼ እንደ መለሰው፣ ቢሰበር ማን እንደሚያስጠግነው አስቀድሞ ተጽፎ ካልተፈረመ ስምምነቱ ወደ ጠብ ይለወጣል።

ጥራትን ስለ መመርመር

በቁልፍ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሕፈት ታትሞ ይገኛል፤ ትርጓሜውም ብረቱ ከነዚህ ማዕድናት ጋራ ተቀላቅሎ የጠነከረ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጽሕፈት በለሰለሰ ብረት ላይም ሊታተም ስለሚችል በጽሕፈቱ ብቻ መታመን አይገባም። የሚሻለው ሙሉውን ከመግዛት በፊት አንዱን ቁልፍ ገዝቶ ክፉኛ በጠበቀ ብሎን ላይ መሞከር ነው። አፉ ካልተከፈተ፣ ጠርዙም ካልተደፈጠጠ የቀሩት ይገዛሉ። አሮጌ ቁልፍ ከአዲስ ደካማ ቁልፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ሥራ የተወ ጠጋኝ የሸጠው ቁልፍ አፉ ያልሰፋ፣ አንገቱ ያልተሰነጠቀ ከሆነ በጥቂት ገንዘብ የተገኘ ሀብት ነው። ሻጩ ግን የታወቀ ሰው ይሁን፤ የተሰረቀ መሣሪያ የገዛ ሰው በሕግ ይጠየቃልና።

ደካማ ቁልፍን በቧንቧ እያስረዘሙ መጠምዘዝም ክፉ ልማድ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ በ25 ኪሎ ኃይል የጫነ ሰው በብሎኑ ላይ 5 ኪሎ-ሜትር-ክብደት ያሳርፋል። ቧንቧ አግብቶ ርዝመቱን 60 ሳንቲ ሜትር ያደረገው እንደ ሆነ ያው ጉልበት 15 ይሆናል፤ ይኸውም ሦስት እጥፍ ነው። ቁልፉ ለዚህ ኃይል አልተሠራምና ወይ ይሰበራል፣ ወይ ብሎኑን ይቈርጣል፣ ወይ ሾልኮ የሠራተኛውን እጅ ያቈስላል። የዛገ ብሎን የሚለቀው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ለረጅም ኃይል በተሠራው እጀታ ቀስ ተብሎ ሲፈታ ነው።

ቁጠባ የማይገባበት ስፍራ

በጥቂት ገንዘብ ማሰናዳት ማለት በሁሉ መሰሰት ማለት አይደለም። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ክልክል መሆን አለበት። ክሪክ ዘይቱ ሊያፈስ፣ በተዳፋት መሬትም ሊንሸራተት ይችላል፤ ድንጋይና ሸክላ ጡብም ሲጫነው በድንገት ይፈረካከሳል። ስለዚህ ሁለት የብረት መደገፊያና ጎማ የሚያግዱ ሁለት ሽብልቅ እንጨቶች ከክሪኩ ጋራ በአንድ ቀን ይገዙ። ብረት ሲመታና ሲሞረድ ዓይን የሚጠብቅ መነጽርም ይኑር። ዓይኑን ያጣ ጠጋኝ በሱቅ ገዝቶ የሚተካው የለም።

ገንዘብን ስለ መክፈል

ብር የውጭ ገንዘብ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ብዙ ስለ ተለዋወጠ፣ ዋጋን በብር ከመናገር በእጅ ከፍሎ ማሳየት ይሻላል። ያለው ገንዘብ ጥቂትም ቢሆን ብዙ በ10 እጅ ይከፈል። 4 እጁ በየቀኑ ለሚነሡት የእጅ መሣሪያዎች፤ 2 እጁ ለሞርሳና ለመሥሪያ ጣውላ፤ 2 እጁ ለክሪክ፣ ለመደገፊያና ለመነጽር፤ 1 እጁ ለመለኪያና ለኤሌክትሪክ መሞከሪያ ይሁን። የቀረው 1 እጅ ሳይነካ ይቀመጥ። ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ወር መዝገቡ እንደ ገና ይታይ፤ የጎደለው መሣሪያ በዚያ በተቀመጠው ገንዘብ ይገዛ። ያንጊዜ የሚገዛው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል። ከዚያም በኋላ ከየወሩ ትርፍ ጥቂት እየተነሣ ይጨመር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው።

ገንዘብን በአንድ ጊዜ ላለማጥፋት ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ወስኖ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲገቡ አድርጓል። በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ጥገና መፈለጋቸው ባይቀርም፣ ጠጋኝ ወደ ፊት ሌላ ዕውቀትና ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያሉት ብርቱካንማ ሽቦዎች ሰው የሚገድል ኃይል ስለሚሸከሙ ያልተማረ ሰው በተራ ካቻቢቴና በመሞከሪያ አምፖል ሊነካቸው አይገባም።

ስለ መጠበቅ

የጌዴኦ አገር ዝናብ ብዙ ነው፤ ዝገትም መሣሪያን ቀስ እያለ ይበላል። ማታ ማታ እያንዳንዱ መሣሪያ በጨርቅ ተጠርጎ በጥቂት ዘይት ይታበስ፤ በእርጥብ መሬት ላይ አይደር። በግድግዳ ላይ ጣውላ ተሰቅሎ የእያንዳንዱ መሣሪያ መልክ በቀለም ይሣልበት፤ ማታ ባዶ ሆኖ የታየው መልክ የጠፋውን ቁልፍ ወዲያው ይናገራል። ብዙ ጊዜ ቁልፍ የሚጠፋው በሌባ እጅ ሳይሆን በሞተሩ ጎን ተረስቶ ነው።

ለመምህራንና ለሽማግሎች

መምህራን ይህን ነገር ለሒሳብ ትምህርት ሊያደርጉት ይችላሉ። ተማሪዎች ኢንችን ወደ ሚሊ ሜትር ይለውጡ፤ የ10 እጁን አከፋፈል በሚያውቁት ገንዘብ ያስሉ፤ ወደ አንድ ጋራዥ በፈቃድ ሄደው የአንድ ቀን ሥራ በመዝገብ ይጻፉ። ቁጥር በእጅ ሥራ ላይ ሲውል ያየ ልጅ ትምህርቱን አይንቅም።

ሽማግሎችም ለአንድ ወጣት ዋስ እንዲሆኑ ወይም ከእቁብ ገንዘብ ቅድሚያ እንዲሰጡት በተለመኑ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቁት። መዝገብህ የት አለ? ከምትገዛው ውስጥ በየቀኑ የሚነሣው የትኛው ነው? ከመኪና ሥር የምትገባው በምን ተደግፎ ነው? ለሦስቱ በቂ መልስ የሰጠ ወጣት ገንዘቡን በጥንቃቄ እንደሚያኖር ተስፋ ይደረግበታል። መልስ ያጣው ግን አይባረር፤ ደብተርና እርሳስ ተሰጥቶት 30 ቀን ሥራ ሲሠራ እያየ እንዲጽፍ ይመከር። የወሩ መዘግየት አይጎዳውም፤ ያለ ዕውቀት የተገዛ ሣጥን ዕዳ ግን ብዙ ዘመን ይከተለዋል።